በየወገኑ ስለ ተባለው ቃል፤ የጣናን ዓሣ የቈጠሩ መጻሕፍት ምርመራ

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 1 የውሃ ፍጥረት በየወገኑ እንደ ተገኘ ተነግሯል። የወገኑ ቍጥር ግን አልተነገረም፤ መቍጠር ለሰው ተትቷልና። በምዕራፍ 2 አዳም ለእንስሳት ስም ያወጣው ወደ እርሱ ከቀረቡ በኋላ ነው። እንግዲህ ስም አውጪ ኹሉ አስቀድሞ ቀርቦ ማየት ይገባዋል። ይህ ሥርዓት ሲጠበቅም ሲጓደልም፥ ነጭ ዓሣ በሚባለው በጣና ዓሣ ታውቋል።

የፍራንክፈርቱ ሊቅ ኤድዋርድ ሩፔል በኤውሮጳ አቈጣጠር ከ1831 እስከ 1833 በኢትዮጵያ ተዘዋውሮ፥ ይህን ዓሣ በብዙ ስም ለይቶ ጻፈ። ባኒስተር ግን በ1973 በለንደን ባሳተመው ጽሑፍ የቀደሙትን ስሞች ሰብስቦ አንድ ወገን አደረጋቸው። ይህም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ የአንዱ መልክ ከሌላው ጋር በመካከለኛ መልክ ስለሚያያዝ ድንበሩ አልታይ ብሎታልና። ጕድለቱ በመልክ ብቻ መፍረዱ ነው፤ በጠርሙስ የተቀመጠ ዓሣ በየት እንደሚውልና በየት ዕንቍላሉን እንደሚጥል አይናገርም።

ኋላ የሆላንድ ሊቃውንት ናጌልከርኬና ሲቢንግ በሐይቁ ዳር ኾነው አኗኗሩን መረመሩ። አንዱ ቀንድ አውጣ፥ አንዱ የውሃ ሣር፥ አንዱ በውሃ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ነፍሳት ይበላል፤ 8ቱ ወገን በመንጋጋቸው ጥርስ ሳይኖር ሌላ ዓሣ ይውጣሉ። በ2000 ባወጡት ጽሑፍ ቍጥሩ 15 ወገን ኾነ። 40 ሜትር የሚያህለው ጢስ ዓባይ ከታችኛው ወንዝ ስለ ለያቸው፥ ከአንድ ዘር ወጥተው በሐይቁ ውስጥ እንደ ምግባቸው ተለያዩ። መለያየታቸው የቅርብ ዘመን ስለ ኾነ ድንበሩ ቀጭን ነው፤ የባኒስተርም ችግር ከዚህ የመጣ ነው። ነገር ግን የእነዚህም ሥራ ፍጹም አይደለም፤ የ15ቱን ኹሉ የዕንቍላል መጣያ አላሳየምና።

ክርክሩ የስም ብቻ አይደለም። በ1986 ባለሞተር ጀልባና አዲስ መረብ ወደ ጣና ገባ፤ በክረምት ዕንቍላሉን ሊጥል ወደ ወንዝ የሚወጣው ዓሣ በወንዙ አፍ ተጠመደ፤ ከ1991 እስከ 2001 ባለው ዘመን ብዛቱ እጅግ ቀነሰ። ከመራዊ አጠገብ የሚወርደው ቆጋ ወደ ግልገል ዓባይ፥ ግልገል ዓባይም ወደ ጣና ይገባል፤ ቆጋ ለመስኖ ተገድቧል፤ ግድቡ ለገበሬው እህል ነው፥ ወደ ላይ ለሚወጣ ዓሣ ግን የተዘጋ በር ነው።

እንግዲህ ኹሉ አንድ ወገን ነው የሚለውን ጽሑፍ የተቀበለ ሰው፥ አንዱ ቢጠፋ የጐደለ አይመስለውም፤ የቀሩት ይበቃሉ ይላልና። 15 ነው ያለ ግን የጠፋው ፈጽሞ እንደማይመለስ ያውቃል። ስለዚህ የሩፔል ዓይን የተመሰገነ ነው፤ የባኒስተር ጥንቃቄ ይጠቅማል፥ ፍርዱ ግን ችኵል ነበር፤ ከኹሉ የሚበልጠው ከዓሣው ጋር ከርሞ የቈጠረው ነው። የዚህም ንባብ ፍሬ በክረምት ወራት መረብን ከወንዝ አፍ ማራቅ ነው።