«መውጋት» ወይስ «ማቀበል»? ስለ አንድ የኮምፒዩተር ስያሜ አተረጓጎም

የድረ ገጽ ፕሮግራሞችን የሚመለከቱ ጽሑፎች ወደ አማርኛ ሲመለሱ ተርጓሚውን ከሚያስቸግሩት ስያሜዎች አንዱ «ዲፔንደንሲ ኢንጀክሽን» ነው። ማርቲን ፋውለር በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ፣ ቀድሞ ይሠራበት የነበረው «ኢንቨርሽን ኦፍ ኮንትሮል» ከመጠን በላይ ሰፊ መሆኑን ገልጾ፣ ከሌሎች ባለሙያዎች ጋር ከተወያየ በኋላ በዚህኛው ስያሜ ተጠቀመ። የፅንሰ ሐሳቡ ፍሬ ይህ ነው፦ አንድ ኦብጀክት ሥራውን ለማከናወን ሌላ ኦብጀክት ቢያስፈልገው፣ የሚያስፈልገውን ራሱ አይፈጥርም፤ ከውጭ ይሰጠዋል።

ስያሜው ቃል በቃል ቢመለስ «ጥገኛን መውጋት» ይሆናል። ይህ አመላለስ ሁለት ጉድለት አለው። አንደኛው የአቅጣጫ ጉድለት ነው። በአማርኛ «ጥገኛ» የሚባለው የሚጠጋው ነው፤ በእንግሊዝኛው ስያሜ ግን የተጠቀሰው የሚጠጉበት ነው። በመሆኑም ተማሪው ተቀባዩን የሚሰጥ ነገር አድርጎ ይረዳዋል። ሁለተኛው የርባታ ጉድለት ነው። ከ«መውጋት» የሚወጡት «ወጊ»፣ «ተወጊ»፣ «መውጊያ» የጦር ሜዳን ወይም የሕክምና ክፍልን እንጂ የፕሮግራም አሠራርን አያሳስቡም። «አጋዥ» የሚለውም አያዋጣም፤ አጋዥ ቢቀር ሥራው ይከብዳል እንጂ አይቆምም።

በበኩላችን «መደገፊያን ማቀበል» ይሻላል እንላለን። ግንበኛው ከግንቡ ላይ ሳይወርድ ረዳቱ ድንጋዩንና ጭቃውን ያቀብለዋል፤ ነገሩም ይኸው ነው። ርባታውም ይታዘዛል፦ የሚሰጠው «አቀባይ»፣ የሚሰጠው ነገር «መደገፊያ»፣ የሚወስደው «ተቀባይ»፣ የሚገባበትም ስፍራ «መቀበያ» ይባላል።

ከዚህ የከበደው ስሕተት ግን የሚመጣው መደገፊያው ከአንድ በላይ ሲሆን ነው። አንድ የመሸጫ ድረ ገጽ በቴሌብርም በባንክ ካርድም ክፍያ ይቀበላል እንበል። ሁለቱም የክፍያ ኦብጀክቶች አንዱን መቀበያ ይስማሙታል። በጃቫ ቋንቋ በሚሠራበት በስፕሪንግ ዘንድ፣ የትኛው እንደሚፈለግ በምንም መንገድ ካልተወሰነ አቀባዩ ማመንታቱን በስሕተት መልእክት አስታውቆ ፕሮግራሙ ሳይነሣ ይቀራል። ስለዚህ ፕሮግራም ጸሐፊው በመቀበያው ላይ «ኳሊፋየር» የተባለውን ምልክት ያኖራል። ይህን «መለያ» ብንለው ይገባል። ነገር ግን መለያው አስቀድሞ የተጻፈ ነው፤ ደንበኛው ገና አልመጣም። ደንበኛው በየጊዜው የፈለገውን እንዲመርጥ ከተፈለገ፣ አቀባዩ ሁለቱንም መደገፊያዎች ከነስማቸው ያቀብላል፤ ተቀባዩም ጥያቄው በደረሰ ጊዜ በስሙ ለይቶ አንዱን ያነሣል።

እንግዲህ «መለያው በክንውን ጊዜ ኦብጀክቱን ይመርጣል» ብሎ የሚተረጉም ሰው ሐሰት ያስተምራል። መለየት አስቀድሞ የሚፈጸም የጸሐፊው ሥራ ነው፤ መምረጥ በክንውን ጊዜ የሚደረግ የሌላ ወገን ሥራ ነው። ሁለቱን «ምርጫ» በሚል አንድ ቃል መሸፈን ፅንሰ ሐሳቡን ያጠፋል። «ይመረጣል» የሚለው ተገብሮ ግሥም መራጩን ስለሚደብቅ፣ ተርጓሚው በተቻለ መጠን አድራጊውን ቢጠራ ይበጃል። «በክንውን ጊዜ» ያልነውም በምክንያት ነው፦ የአማርኛ ወፍጮ ይሠራል እንጂ አይሮጥምና «የሩጫ ጊዜ» አይስማማም፤ «የሥራ ጊዜ» ደግሞ የቢሮን ሰዓት ያስመስላል።

ከላይ የቀረቡት ስያሜዎች ለውይይት መነሻ ናቸው። የተሻለ ቃል ያለው ባለሙያ ቢያቀርብ መልካም ነው፤ ሆኖም ማንኛውም ምትክ ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ ይኖርበታል፦ ማን ያቀብላል? ማን ይቀበላል? የሚመርጠውስ ማን ነው፣ መቼስ?