ጋለሪና የመቅደስ ግድግዳ

በአገራችን ስለ ሥዕል ማሳያ አዳራሾች አመጣጥ የሚጻፈው ሁሉ ብዙውን ጊዜ ከአዲስ አበባ ይነሣል። በ1950 ዓ.ም. በአቶ አለ ፈለገ ሰላም ኅሩይ መሪነት የተከፈተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፥ ቀጥሎ በገነተ ልዑል የተደራጀው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም፥ ኋላም በ2000 ዓ.ም. የተከፈተው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል በተራ ይጠቀሳሉ። ይህ አቀራረብ ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን ጋለሪን ከውጭ ተጭኖ እንደ መጣ ዕቃ ብቻ ስለሚያሳየን ጎዶሎ ነው እንላለን።

ጋለሪ የሚለው ቃል በአውሮጳ አስቀድሞ ረጅም መተላለፊያ ማለት ነበር። መኳንንት በዚያ ግድግዳ ላይ ሥዕል ደርድረው እንግዶቻቸውን እያዘዋወሩ ያሳዩ ነበር። በፍሎረንስ የሜዲቺ ቤተሰብ ሥዕልና ሐውልቱን ያኖረው ኡፊትሲ በሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት የላይኛው ፎቅ መተላለፊያ ነበር። ይህ ቦታ ለሕዝብ የተከፈተው በ1769፥ የፓሪሱ ሉቭር ደግሞ በ1793 እ.ኤ.አ. ነው።

እንዲህ ያለ መተላለፊያ በእኛስ ዘንድ አልነበረምን? ከአንበሳሜ እስከ ደብረ ታቦር፥ እስከ ጣና ዳርም እስከ ቁራጣ፥ ጋለሪ የሚል ሰሌዳ ፈልጎ የሚጓዝ ሰው የለም። ነገር ግን በጣና ዙሪያ ካሉት ክብ አብያተ ክርስቲያናት ወደ አንዱ የገባ ሰው፥ ቅኔ ማኅሌቱን አልፎ ቅድስት ሲደርስ፥ አራት ማዕዘኑን መቅደስ እየዞረ ሥዕል የሚያይበትን መንገድ ያገኛል። ሥዕሉ በሸማ ላይ ተሥሎ በጭቃ በተመረገው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። በሮቹን መላእክት ይጠብቃሉ፤ በሰሜኑ ግድግዳ ጊዮርጊስና መርቆሬዎስ በፈረስ ይጋልባሉ። በዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ይህ ሥርዓት ጎልቶ ይታያል። በደቅ ደሴት በናርጋ ሥላሴም ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። በ18ኛው መቶ ዘመን ሠዓሊን ደግፎ ማሠራት በጣናም ላይ ነበረ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ መቅደሱ ጋለሪ ነው ብለን አንቸኩልም። ምእመን የሚዞረው ሊሳለም እንጂ የሠዓሊውን ችሎታ ሊመዝን አይደለም። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ሥዕሉ ከአገሩ ሰው ጋር ያለው ውል ነው። በ1737 እ.ኤ.አ. የሜዲቺ የመጨረሻ ወራሽ አና ማሪያ ሉዊዛ ሀብቱ ከፍሎረንስ እንዳይወጣ በውል አሰረችው፤ ኡፊትሲም ለከተማው የቀረው በዚህ ውል ነው። በእኛ ዘንድ ግን በ1932 እ.ኤ.አ. በማርሴል ግሪዮል የተመራው የዳካር–ጅቡቲ ጓድ በጎንደር የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው አላቅቆ፥ በምትካቸው ቅጂ ትቶ፥ ወደ ፓሪስ ወሰዳቸው። ዛሬ የሚገኙት በኬ ብራንሊ ሙዚየም ነው።

ባይወሰዱ ኖሮ ይጠፉ ነበር የሚል አይታጣም፤ ክርክሩም እንዲሁ የሚጣል አይደለም። ጣራ ሲያፈስ ጭቃው ይረግፋል፥ ሸማውም አብሮት ይወርዳል። ነገር ግን በዚህ መንገድ የሚድነው ሸማውና ቀለሙ ብቻ ነው። የሚጠብቀው በር የሌለው መልአክ፥ የሚዞረው ምእመን የሌለው ሰማዕት፥ ትርጉሙ በግማሽ ይቀራል።

ስለዚህ ለአንበሳሜና ለመሰሎቿ ከተሞች የምንመኘው የአዲስ አበባን አዳራሽ ቅጂ ከሆነ፥ ከመጨረሻው መጀመራችን ነው። አስቀድሞ የሚያስፈልገው የማያፈስ ጣራና የሥዕል መዝገብ ነው። ለዕረፍት ወደ አገሩ የሚመለስ ተማሪ የደብሩን አለቃ አስፈቅዶ፥ በየትኛው ግድግዳ ምን እንደ ተሣለና የትኛው እንደ ተጎዳ በተራ ቢጽፍ፥ አንዱንም ቅጂ ለደብሩ ቢያስረክብ፥ አና ማሪያ ሉዊዛ በፊርማዋ የጀመረችውን እርሱ በእርሳስና በደብተር ይጀምረዋል። አዳራሹ ከዚያ በኋላ ቢሠራ ይደርሳል።