የፉጋዚ ግጥምና የዋሽንግተን ተከራይ

እ.ኤ.አ. በ1987 ዋሽንግተን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ የወጣው ፉጋዚ የተሰኘ የሮክ ባንድ፣ ከከተማይቱ ኢትዮጵያውያን ጋር አንድ ሰማይ ሥር እየኖረ በመካከላችን እምብዛም የማይታወቅ ነው። ሙዚቃው ጩኸት የሚበዛበት መሆኑን አንክድም፤ ጆሮው በክራርና በማሲንቆ የተገራ አድማጭ ቢሸሸው አንፈርድበትም። ሆኖም ግጥሙን ለብቻው ስንመረምረው በዋዛ የሚታለፍ ሆኖ አላገኘነውም።

እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው «ሪፒተር» በተሰኘው አልበም፣ ሸቀጥን የሰው መለኪያ ያደረገውን ኑሮ ነቅፈዋል። ነቀፋው ከስብከት የራቀ አይደለም። ይልቁንስ አሠራራቸው የበለጠ ይናገራል፦ ሸክላቸውን የሚያሳትመው ከአባላቱ አንዱ ኢያን ማካይ እ.ኤ.አ. በ1980 ከጓደኞቹ ጋር ያቋቋመው «ዲስኮርድ» ሲሆን፣ የትርኢታቸው መግቢያም በአብዛኛው ከ5 ዶላር ገደማ እንዳይርቅ ይጠነቀቁ ነበር።

ብስለታቸውን የምናየው ግን እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው «ዚ አርጊውመንት» ውስጥ፣ «ካሽአውት» በተሰኘው ዘፈን ነው። ግጥሙ የሚጀምረው ተከራይ ከቤቱ በሚባረርበት ማለዳ ነው፤ የቤት ዕቃው መንገድ ዳር ወጥቷል። ገጣሚው አይፎክርም፤ ያየውን ይናገራል። ሰምና ወርቅ የለመድን እኛ ወርቁን ብንፈልግ አናገኝም፤ እዚህ የሚያቃጥለው ሰሙ ራሱ ነው።

ባንዱ እ.ኤ.አ. በ2003 ሥራውን ላልተወሰነ ጊዜ አቁሟል። በአዳምስ ሞርጋን ምግብ ቤት ከፍተው በኋላ የኪራይ ውድነት ያስለቀቃቸውን ወገኖች የሚያውቅ አንባቢ ግጥሙን ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። ነገር ግን ከእኛው መካከል ዛሬ ቤት አከራይ የሆነም አለ፤ እርሱ ይህን ዘፈን ሲሰማ ከየትኛው ወገን እንደሚቆም ግጥሙ አይወስንለትም።