ቬንቶይ፣ ወይ ጉድ!

ሰው ሁሉ ይህን እያወቀ ዝም ያለኝ ምን በድዬው ነው? ደሴ ፒያሳ ይሁን ኮምቦልቻ፣ ኮምፒውተር የሚጠግን ልጅ ኪሱ በፍላሽ የተሞላ ነው፦ ይኼ የዊንዶውስ 10፣ ያ የ11፣ ያኛው የኡቡንቱ። ወላሂ፣ ከእንግዲህ አንዱ ይበቃዋል፤ የቀሩት መንዙማ ይጫንባቸው!

በተለመደው መንገድ ኮምፒውተር የሚያስነሳ (ቡተብል) ፍላሽ ሲሠራ አንድ ፍላሽ የሚይዘው አንድ ሲስተም ነው። ሌላ ሲያስፈልግ የነበረው ይጠፋል፣ እንደ አዲስ ይሠራል፣ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። በ2012 ዓ.ም. ብቅ ያለው ቬንቶይ የሚባል ፕሮግራም ይህን ሁሉ ገላገለን። ፍላሹን አንድ ጊዜ በቬንቶይ ታዘጋጁታላችሁ (በዚያን ጊዜ ያለበት ሁሉ ስለሚጠፋ የሠርግ ፎቷችሁን ቀድማችሁ አውጡ)፤ ከዚያ በኋላ የሲስተሙን መጫኛ ፋይል (አይኤስኦ) እንደ ፊልም ኮፒ፣ ፔስት። አለቀ! አምስት ብትጨምሩ ኮምፒውተሩ ሲነሳ አምስቱም ተደርድረው ይመጣሉ፤ በቀስት መርጦ ኢንተር ነው። ይህ ሁሉ ደግሞ በነጻ!

ምስጢሩን ሳይ ይበልጥ ወደድኩት። ፍላሹን ለሁለት ይከፍለዋል፦ 32 ሜጋባይት የምትሆነው ጠባብ ክፍል ማስነሻውን ትይዛለች፣ የቀረው ሰፊው ቦታ የእናንተ ነው። ሰፊው ክፍል በኤክስፋት ስለሚዘጋጅ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል ይቀበላል፤ ፋት32 እምቢ የሚለውን የዊንዶውስ አይኤስኦ ማለት ነው። የድሮው ባዮስም አዲሱ ዩኢኤፍአይም ያስነሳዋል። ሴኪውር ቡት የበራበት ላፕቶፕ መጀመሪያ ላይ ሰማያዊ ስክሪን አውጥቶ ቁልፍ አስመዝግቡ ቢል አትደንግጡ፤ ለዚያ ማሽን አንዴ ነው።

እኔን ያስጨፈረኝ ግን ሌላ ነው። አይኤስኦው ሳይፈታ እንዳለ ፍላሹ ላይ ይቀመጣል፤ ስለዚህ ሌላ ሰው ከእናንተ ፍላሽ ወደ ራሱ ይገለብጠዋል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለወራት ሲቆይ፣ አምስት ጊጋ ፋይል ከየት ይወርድ ነበር? እንዲህ ባለ ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ የሚሄድ ፍላሽ ወርቅ ነው። ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ የደረሰ ቴክኒሻንም «ይቺ ማሽን 32 ቢት ናት ለካ!» ብሎ ያን ዳገት ተመልሶ አይወጣም፤ የ32 ቢቱም እዚያው ኪሱ ውስጥ ነው።

ደግሞ ጊዜው! ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉን አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሌለውን ማሽን በይፋ አይቀበልም። ስንት ደህና ላፕቶፕ «አርጅቷል» ተብሎ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል! ሊነክስ ሚንት የሚባለውን ሲስተም ፍላሹ ላይ ጨምሩና እዚያ ላፕቶፕ ላይ ሰኩት። ላፕቶፑ ሲበራ፣ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ9፣ ዴል ከሆነ ኤፍ12 ተጫኑና ፍላሹን ምረጡ። ሃርድ ዲስኩን ሳትነኩ፣ ምንም ሳትጭኑ፣ ከፍላሹ ላይ ብቻ ይነሳል። ዋይፋዩ ይይዝ እንደሆነ፣ ድምፁ ይሠራ እንደሆነ ሞክሩት፤ ካልወደዳችሁት ፍላሹን ነቅሎ እንደገና ማስነሳት ነው፣ የነበረው እንደነበረ ይጠብቃችኋል። ከወደዳችሁት ደግሞ የሚጭነው ምልክት እዚያው ዴስክቶፑ ላይ ነው፣ ሁለት ጊዜ ክሊክ!