ስለ 70 ለ30 የምደባ ቀመር አንዳንድ ሂሳዊ አስተያየቶች

በሀገራችን የከፍተኛ ትምህርት ታሪክ ውስጥ በትምህርት ቤት ግቢም ሆነ በየቤቱ ብዙ ካነጋገሩት ውሳኔዎች አንዱ በ2001 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የ70 ለ30 የምደባ ቀመር ነው። በቀመሩ መሠረት ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከሚገቡት ተማሪዎች ከመቶ 70 የሚሆኑት ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ከመቶ 30 የሚሆኑት ደግሞ ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደቡ ታቀደ። ከሳይንሱ ወገን ከፍተኛውን ድርሻ የያዘው ምሕንድስናና ቴክኖሎጂ ነበር። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ቀመሩ የለካውን ነገር ሳይለካ ከተወው ለይቶ ማሳየትና ለመምህራንና ለዕቅድ ባለሙያዎች ያለውን ትርጉም ማመልከት ነው።

በቅድሚያ ለቀመሩ የሚገባውን ፍርድ መስጠት ያስፈልጋል። በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ የመንገድ፣ የኃይል ማመንጫ፣ የቴሌኮሙኒኬሽንና የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ በስፋት ሲካሄድ የመሐንዲስ እጥረት በግልጽ ይታይ ነበር። የምሕንድስና ኮሌጅ በአዲስ አበባ ሥራ ከጀመረበት ከ1945 ዓ.ም. አንሥቶ የተመረቁት ባለሙያዎች ለዚህ ሁሉ ሥራ የሚበቁ አልነበሩም። ስለዚህ ችግሩ እውነተኛ ነበር፤ መፍትሔ መሻቱም ተገቢ ነበር።

ይሁን እንጂ ቀመሩ የሚቈጥረው በመግቢያው በር የሚያልፉትን ተማሪዎች ብቻ ነው። አንድ የምሕንድስና ተማሪ ከመቀመጫ ሌላ አራት ነገሮች ያስፈልጉታል፤ እነዚህም በሒሳብና በፊዚክስ የተጣለ መሠረት፣ የተሟላ ቤተ ሙከራ፣ ብቁ መምህር፣ እንዲሁም በድርጅት ውስጥ የሚደረግ የተግባር ልምምድ ናቸው። የተማሪን ቍጥር በአንድ መመሪያ መጨመር ይቻላል። አራቱን ማሟላት ግን ዓመታት ይፈጃል። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተቋቋመው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ መካከለኛ ቴክኒሻኖችን ሲያሠለጥን የትምህርቱ ማዕከል ወርክሾፑ እንደ ነበር ማስታወስ ይጠቅማል። ቀመሩ በአንጻሩ ለአንድ መሐንዲስ ስንት ቴክኒሻን እንደሚያስፈልግ አይናገርም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው የአባቶች ብሂል የሚጠቀሰው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው።

ውጤቱን ከፈተናዎቹ መገመት ይቻላል። በ2015 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በተሰጠው የ2014 የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ያህል ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት ማብቂያ ለመጀመሪያ ጊዜ በስፋት የተሰጠውን የመውጫ ፈተና ያለፉት ደግሞ ከግማሽ በታች ነበሩ። እነዚህ ውጤቶች ሁሉንም የትምህርት ዘርፎች የሚያጠቃልሉ በመሆናቸው ለምሕንድስና ብቻ አይጠቀሱም። ሆኖም በመሠረቱ ላይ የተከማቸውን ጉድለት በማያሻማ ሁኔታ ይመሰክራሉ።

ጉድለቱ ከወዴት ይጀምራል? በየጊዜው የተካሄዱት የ4ኛና የ8ኛ ክፍል ብሔራዊ የትምህርት ምዘናዎች አማካይ የሒሳብ ውጤት ከመቶ 50 በታች መሆኑን ደጋግመው አሳይተዋል። በሌላ በኩል ለረጅም ዓመታት ወደ መምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ሲገቡ የቆዩት በአብዛኛው በ10ኛ ክፍል ፈተና ለመሰናዶ ትምህርት የሚያበቃ ውጤት ያላገኙ ወጣቶች ነበሩ። እንግዲህ መሐንዲሱ የመጀመሪያውን ክፍልፋይ የሚማረው ከማን ነው? በላይኛው እርከን ከመቶ 70 ለመሙላት ስንጣደፍ በታችኛው እርከን ሒሳብን የሚወድና የሚያስወድድ መምህር ለማፍራት እኩል አልተጨነቅንም። የቀመሩ ዋና ድክመት ይህ ነው።

ሁለተኛው ድክመት በምክር አገልግሎት ላይ የታየው ነው። የ11ኛ ክፍል ተማሪ የተፈጥሮ ሳይንስን መስመር ሲመርጥ የሚሰማው ምክር ብዙውን ጊዜ «ቦታ የሚበዛው እዚያ ነው» የሚል ነው። በዩኒቨርሲቲ የሚሰጥ ቦታ ግን የሥራ ቦታ አይደለም። በተለይ በኮምፒዩተር ሙያ ዘርፎቹ በአንድ ስም ይጠቀለላሉ። የኮምፒዩተር ሳይንስ በሒሳብና በሥነ አመክንዮ ላይ ይቆማል፤ የኢንፎርሜሽን ሲስተምስ የመሥሪያ ቤትን አሠራር ማወቅ ይጠይቃል፤ የኤሌክትሪካልና ኮምፒዩተር ምሕንድስና ያለ ጠንካራ ፊዚክስ አይገፋም። ይህን ሳያውቅ የሚመርጥ ተማሪ ዲፕሎማውን ቢይዝም ቀጣሪው የሚጠይቀውን ችሎታ ላይዝ ይችላል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብርም ቢሆን የሚመዘነው በሠልጣኞቹ ቍጥር ብቻ ከሆነ በዚሁ ስሕተት ላይ ይወድቃል።

ከዚህ በመነሣት ሦስት አሳቦችን ማቅረብ ይቻላል።

አንደኛ፣ የቅበላ ዕቅድ ከቤተ ሙከራ መቀመጫ፣ ከመምህራን ብዛትና ከተግባር ልምምድ ቦታ ተነሥቶ ይዘጋጅ። አንድ ወርክሾፕ 40 ተማሪ የሚያሠራ ከሆነ 120 ተማሪ መመደብ ሰማኒያውን ተመልካች ማድረግ ነው።

ሁለተኛ፣ በሒሳብ የላቀ ውጤት ያላቸው ወጣቶች የአንደኛ ደረጃ መምህርነትን እንዲመርጡ የሚያበረታታ ደመወዝና የትምህርት ዕድል ይታሰብ። ወጪው ከባድ መሆኑ አይካድም። ያለ መሠረት አምስት ዓመት በምሕንድስና ክፍል ለሚቀመጥ ተማሪ የሚወጣውም ቀላል አይደለም።

ሦስተኛ፣ የኮምፒዩተር አስተሳሰብ ኮምፒዩተር በሌለበት ትምህርት ቤትም ይሰጥ። ረጅሙ የማካፈል ስሌት ራሱ በቅደም ተከተል የሚፈጸም የትእዛዝ ዝርዝር ነው። መምህሩ ተማሪዎቹን እያንዳንዱን እርምጃ በቃላት እንዲጽፉ፣ ከዚያም ጽሑፉን ለጓደኛቸው ሰጥተው ያለ ማብራሪያ እንዲያሠሩበት ቢያደርግ፣ የፕሮግራም አጻጻፍን መሠረት በጠመኔና በደብተር ብቻ አስተማረ ማለት ነው። ስሕተቱ የት እንደ ተፈጠረ ፈልጎ ማረምም የዚያው ሙያ ግማሽ ነው።

የሥራ ባልደረቦቻችን ይህን አስተያየት ቴክኖሎጂን እንደ መቃወም እንዳይመለከቱት አደራ እንላለን። ሀገሪቱ ዛሬም ብዙ መሐንዲስና የኮምፒዩተር ባለሙያ ትሻለች። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ምክር ሲጠይቀን ግን ከኮታው በፊት የሒሳብና የፊዚክስ ደብተሩን ከእርሱ ጋር ገልጠን እንይ። ምክራችን ከዚያ ቢነሣ የወጣቱን አምስት ዓመታት ከብክነት ማዳን እንችላለን።