ከትርጓሜ በፊት የስክሪን መልእክት፦ የአይሲቲ እንግሊዝኛ በጎግ

በጋምቤላ ክልል፣ በአኝዋሃ ዞን በጎግ ወረዳ የሚያድግ ልጅ ኮምፒዩተር ፊት የሚቀመጠው ሦስት ቋንቋ ይዞ ነው። ንባብን በአፍ መፍቻ ቋንቋው በአኝዋሃ፣ በላቲን ፊደል ይጀምራል፤ የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ የሁለተኛ ደረጃን ትምህርት ለእንግሊዝኛ ሰጥቷል። የአይሲቲ መጽሐፉም በእንግሊዝኛ ነው።

ተማሪውን የሚያስቸግሩት እንግዳ ቃላት ናቸው ይባላል። አልስማማም። ሶፍትዌርና ፓስወርድ ከስልኩ ጋር አብረው ስለሚገቡ ብዙ አያስቸግሩም። የሚያደናቅፉት ተማሪው «አውቃቸዋለሁ» የሚላቸው ናቸው፦ ራን፣ ሪተርን፣ ኮል፣ ስትሪንግ። በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ራን መሮጥ ነው፤ በፕሮግራሚንግ ግን ፕሮግራምን ማስኬድ ይሆናል፤ ለውጡን የሚነግረው የለም። አቭሪል ኮክስሄድ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣችው 570 የቃላት ቤተሰቦች ያሉት የአካዳሚ ቃላት ዝርዝርም ኮድን፣ ዳታንና አክሰስን ይይዛል፤ ነገር ግን የቋንቋ ተመራማሪዎቹ ሃይላንድና ጼ እ.ኤ.አ. በ2007 እንደሞገቱት፣ አንድ ቃል በየሙያው ሌላ ጠባይ ያወጣል። ዝርዝር ማሸምደድ እዚህ ላይ ይከሽፋል።

የጎግ ተማሪ ግን ያልተጠቀምንበት ጥቅም አለው። የግዕዝ ፊደል ቆጥሮ ላደገ ልጅ ኪቦርዱ ባዕድ ነው፤ ለአኝዋሃ ልጅ ግን የለመደው ፊደል ነው። ችግሩ ድምፁ ላይ ነው፦ በአኝዋሃ አጻጻፍ ሲ የተባለችው ፊደል ለ«ች» የቀረበ ድምፅ ስትሰጥ፣ በእንግሊዝኛ ግን ኮድ በሚለው ቃል «ከ»፣ ሴል በሚለው «ሰ» ትሆናለች። ካሽ የሚባለው ቃል ውስጥ ደግሞ ሁለት ጊዜ ገብታ ሁለት ዓይነት ትነበባለች። መምህሩ ይህን በተማሪዎቹ አፍ መፍቻ ቋንቋ ቢያስረዳ ብዙ ድካም ይቀንስ ነበር።

ትምህርቱ ግን ትርጓሜ ከማስገልበጥ አልወጣም። በ1997 ዓ.ም. የገባው የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርትም ያልገባውን ተማሪ ቆሞ አልጠበቀም። ሲፒዩ ምን እንደሆነ በቃሉ የሚወጣ ልጅ ስክሪኑ ላይ «አክሰስ ዲናይድ» ሲመጣ «ተበላሸ» ብሎ ሊነሳ ይችላል። ማሽኑ አልተበላሸም፤ ፈቃድ የለህም እያለው ነው። እንዲህ ያሉ የስክሪን መልእክቶች አጭር ናቸው፤ ረዳት ግሳቸው ተቆርጧል፤ አድራጊውም አይታወቅም። በሰዋስው ክፍለ ጊዜ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ብቻ የለመደ ተማሪ እንዴት ይፈታቸዋል? ጉዳዩ ከአይሲቲ ክፍልም አልፏል፤ በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በከፊል በኮምፒዩተር ተሰጥቷል።

እኔ የምሟገትለት ትምህርቱ ከስክሪኑ መልእክት እንዲነሳ ነው። የእንግሊዝኛውና የአይሲቲው መምህራን መልእክቶቹን አብረው ይምረጡ፤ መብራት በሌለበት ቀን በካርቶን ይጻፉ፤ ተማሪው እያንዳንዱ መልእክት ምን እንዲያደርግ እንደሚጠይቀው መጀመሪያ በአኝዋሃ ቋንቋ ይናገር፣ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ ይጻፍ። ትርጓሜው ከዚያ በኋላ ይምጣ።