ከቀለሙ በፊት፣ ከቀለሙ በኋላ

ንጹሕ ወረቀት ያገኘ ተማሪ መጀመሪያ ምን እንደሚሥል አውቃለሁ፤ ጎጆ ቤት፣ ሁለት ተራራ፣ በተራሮቹ መሃል ብቅ ያለች ፀሐይ። ከታላላቆች ደብተር ወደ ታናናሾች ሲወርድ የኖረ ሥዕል ነው። እጅ ሸምድዶታል፣ ዓይን ግን አልደከመበትም። ቀለም መቀባትን ማስተማር ያን ያህል አይከብድም። የሚከብደው ከቀለሙ በፊት ማሰብን፣ ከቀለሙ በኋላ ደግሞ የሠሩትን ረጋ ብሎ ማየትን ማስተማር ነው። ክፍለ ጊዜ ሲያጥር ቶሎ የሚዘለሉትም እነዚሁ ሁለቱ ናቸው።

ማቀድ ፈጠራን ይገድላል የሚሉ ሰዎች ያጋጥሙኛል። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን እንዲህ አላሰቡም። የመቅደሱ በሮች ላይ ጠባቂ መላእክት እንደሚቆሙ፣ ጻድቁ ሁለት ዓይኖቹ እየታዩ፣ ክፉው ግን ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ በአንድ ዓይኑ ብቻ እንደሚሣል ብሩሽ ሳይነሳ የታወቀ ነው። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሆነው ግን የአንዱ ሠዓሊ እጅ ከሌላው ይለያል። በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው አፍሪካ አዳራሽ ያለውን የሎሬት አፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥዕልም ለተማሪዎቼ ደጋግሜ አነሳላቸዋለሁ። ያለፈውን፣ የዛሬውንና የነገውን አፍሪካ በሦስት ክፍል የሚያሳይ፣ 150 ካሬ ሜትር ያህል የሚሸፍን ሥራ ነው። ብርሃን ከውጭ ገብቶ በየትኛው ቀለም በኩል እንደሚያልፍ አስቀድሞ መታሰብ ነበረበት። አንዴ የተቆረጠ መስታወት በላጲስ አይጠፋም።

ክፍል ውስጥ የምንጀምረው በካርቶን ነው። ከጫማ ካርቶን ላይ ትንሽ መስኮት እንቆርጥና በእሷ በኩል አጮልቀን ግቢውን እናያለን። መስኮቷን ወደ ዓይን ሲያስጠጓት ብዙ ነገር ይገባል፣ ሲያርቋት ብዙ ነገር ይወጣል። ከዚያ እያንዳንዳቸው ከክብሪት ሳጥን ያልበለጡ ንድፎች ይሠራሉ። መጠኑን ያሳነስኩት ሆን ብዬ ነው፤ በዚያች ቦታ ላይ ጥፍርና ቁልፍ መሣል ስለማይቻል የቀረው ምርጫ ትልቁን ነገር ማስቀመጥ ብቻ ነው። ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ብርሃን፣ ጥላና መሃከለኛውን ብቻ እንዲለዩም እነግራቸዋለሁ። ለዚህ ከማድቤት የመጣ ከሰል ይበቃል፤ ውድ እርሳስ አያስፈልግም።

አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በር ላይ ቡና የምትሸጠውን ሴት መረጠች። የመጀመሪያው ንድፏ ውስጥ ያልገባ ነገር አልነበረም፤ ረከቦቱ፣ ስኒዎቹ፣ ጃንጥላው፣ በርጩማው፣ ደንበኞቹ፣ ከኋላ የቆመው ታክሲ ሳይቀር።

«ከዚህ ሁሉ የትኛው ቢወጣ ሥዕሉ ይፈርሳል?» አልኳት።

ብዙ ካሰበች በኋላ «እጇ፣ ቲቸር» አለች።

ሁለተኛው ንድፍ ላይ ሴትየዋ፣ ጀበናውና አንድ ስኒ ቀሩ። ሦስተኛው ላይ ፊቷም ከወረቀቱ ወጣ፤ የቀረው ክንድ፣ ያዘነበለ ጀበናና ከከፍታ የሚወርድ ቀጭን የቡና መስመር ነው። እኔ ሁለተኛውን ወድጄው ነበር። እሷ ሦስተኛውን መረጠች፣ ምክንያቷንም ደብተሯ ላይ ጻፈች፤ ሰው ፊት ካየ እጁን አያይም አለች። ከዚያ በኋላ ስለ ምርጫዋ ምንም አላልኩም።

መሣል ሲጀምሩ የእኔ ሥራ ይቀንሳል። የተማሪ ወረቀት ላይ እጄን አላሳርፍም፤ ማሳየት ካለብኝ በሌላ ወረቀት አሳያለሁ። አስተማሪ ያቃናው መስመር የአስተማሪው ነው፣ ልጁም ያውቀዋል።

ሥዕሎቹ ግድግዳ ላይ ሲለጠፉ ግን ዋናው ትምህርት ይመጣል። ይሉኝታ ባለበት አገር ስለ ጓደኛ ሥራ መናገር ቀላል አይደለም። «ያምራል» ይባልና ወሬው እዚያው ያበቃል፤ «ጎበዝ» የምንለው እኛ አስተማሪዎችም የባሰ እንዘጋዋለን። ስለዚህ መጀመሪያ የሚፈቀደው የሚታየውን መናገር ብቻ ነው፤ ምን አለ? ዓይንህ ቀድሞ የት ሄደ? ከዚያስ ወዴት? መውደድና መጥላት ቆይቶ ይመጣል፣ ሠሪዋ ደግሞ መጨረሻ ላይ ትናገራለች። የቡናው ሥዕል ተራ ሲደርስ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ «ጀበናው ከባድ ነው» አለ። እንዴት አወቅህ ሲባል «ክንዷ ወርዷል፣ የእጅ አንጓዋም ተወጥሯል» ብሎ መለሰ። ሠሪዋ ሄዳ ሥዕሏን እንደ አዲስ አየችው። ክብደት ልሥል ብላ አልተነሳችም ነበር። በሚቀጥለው ሥራዋ ግን ውኃ የተሸከሙ ሰዎችን አቀደች፣ ይህን ጊዜ አውቃ።

ግምገማን የምወደው ለዚህ ነው፤ የአንዱ ሥዕል መጨረሻ የሌላው ዕቅድ ይሆናል። ሠዓሊ ታደሰ መስፍን በገበያ የቆሙ ሴቶችን ለዓመታት ደጋግመው ሥለዋል። በአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ረጅም ዘመን ያስተማሩ ሰው ናቸው። አንድን ጉዳይ አንዴ ሥሎ «ጨረስኩት» ለሚል ተማሪ የእሳቸውን ሥራዎች ጎን ለጎን አስቀምጬ አሳየዋለሁ። ሴቶቹ አሉ፤ አቋቋማቸው፣ ርቀታቸው፣ ዙሪያቸው ያለው ባዶ ቦታ ግን ይለዋወጣል።

ውጤት ስሰጥ ከመቶው ትልቁን ድርሻ የሚይዘው የንድፍ ደብተሩና የጽሑፍ ግምገማው ነው። ሥዕሉ ያማረ ልጅ ወላጅ አንዳንዴ ቅር ብሎት ይመጣል። ደብተሩን ገልጬ ከመጀመሪያው ንድፍ እስከ መጨረሻው አብረን እናያለን፤ አብዛኛው ወላጅ ልጁ ምን እንዳሰበ ሲያነብ ስለ ውጤቱ መጠየቁን ይተዋል። የማይፈታልኝ ጊዜው ነው። 40 ደቂቃ ወረቀት ታድሎ፣ ቀለም ተበጥብጦ፣ ብሩሽ ታጥቦ የሚያልቅ ነው። ለሥዕል ሁለት ክፍለ ጊዜ በተከታታይ እንዲሰጥ የምጠይቀውም ቀለሙ እንዲደርቅና ልጆቹ በሠሩት ፊት ቁጭ ብለው እንዲነጋገሩ ነው።